የግሽ ዓባይ ምንጭ የሚጠበቀው ከኮረብታው ላይ ነው

በጋ በመጣ ቁጥር አንድ ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ ይዘዋወራል። ሣር የከበባት ትንሽ የውሃ ጉድጓድ ትታያለች፤ ከሥሯ «የዓባይ ምንጭ ደረቀ» ተብሎ ይጻፋል። ቀጥሎ «ግድቡስ በምን ሊሞላ ነው?» የሚል ይመጣል። ወሬው ሰዉን መጠየቅ ያለበትን አስትቶ የማይረባውን እንዲጠይቅ ስለሚያደርገው ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የጉድጓዷ ማነስ የድርቀት ማስረጃ አይደለም፤ ምንጩ ድሮም ትንሽ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ምንጩ ያለበት ሰከላ ደርሰው ያዩት በረግረግ መስክ ላይ ያሉ ትንንሽ የውሃ ዓይኖችን ነበር። ብሩስማ በትውልድ አገሩ በስኮትላንድ ከሚያውቃቸው ወንዞች መነሻ ጋር አነጻጽሮ ቅር መሰኘቱን ጽፏል። የሕዳሴ ግድቡንም በተመለከተ፣ ከዚህ ምንጭ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ጣና ሐይቅ የሚገባው በመንገዱ ብዙ ጅረቶችን ሰብስቦ ነው። ከጣና የሚወጣው ውሃ ራሱ ዓባይ ድንበር ሲደርስ ከሚይዘው አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆን ነው። ቀሪውን የሚያመጡት ከጣና በታች የሚገቡት ገባሮች ናቸው።

ለሰከላ ሰው ግን ምንጩ ትልቅ ነገር ነው። ከፍኖተ ሰላም በቡሬ በኩል መጥቶ ቲሊሊ ላይ ከአስፋልቱ የሚታጠፈው እንግዳ የሚሄደው ለዚህ ውሃ ነው፤ ምዕመኑም ጾሞ፣ ጫማውን አውልቆ የሚቀርበው ለዚሁ ጸበል ነው። በምሥራቅ ጎጃም የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር እ.ኤ.አ. በ2022 ከተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት «ምርጥ የቱሪዝም መንደር» ተብሎ ከታወቀ ወዲህ፣ ዘላቂ ቱሪዝም ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ሎጅና የእንግዳ ማረፊያ ነው። ግሽ ዓባይ ላይ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከምንጩ በላይ ካለው አፈር ነው።

ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ ምንጩ ግን ሚያዝያም ላይ ይፈልቃል። በመሃል ያሉትን ወራት ውሃው የት ይከርማል? ኮረብታው ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ነው። ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቋል፤ በአንዱ ንጣፍና በሌላው መካከል ደግሞ ወደ ሸክላነት የተለወጠ አፈር ይገኛል። የሰረገው ዝናብ በስንጥቁ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ውሃ የማያሳልፈው ንጣፍ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ንጣፉ ከኮረብታው ግርጌ ብቅ በሚልበት ቦታ ይፈልቃል። ጉዞው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ የዘንድሮ ሚያዝያ ውሃ ያለፈው ክረምት፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት የነበረው ክረምት ዝናብ ነው።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው ግን ከላይ ባሉት ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ነው። ዶፍ ሲወርድ አፈሩ ወይ ይጠጣዋል፣ ወይ ወደ ቦይ ይለቀዋል። ዓይኑ በደንብ የወጣ እንጀራ ወጡን ይመጥጣል፤ ዓይኑ የተደፈነው ላይ ግን ወጡ ይንሸራተታል። የሣር ሥርና ትላትል የቆፈሯቸው ቀዳዳዎች የአፈሩ ዓይኖች ናቸው፤ ኮቴና እግር ይደፍኗቸዋል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ውሃ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 15 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። አፈሩ በመረገጡ ምክንያት ከዚህ አሥር በመቶው ብቻ ሳይሰርግ ቢቀር፣ 1.5 ሚሊዮን ሊትር ጠፋ ማለት ነው። ለስምንት የበጋ ወራት ቢከፋፈል በቀን ከ6,000 ሊትር ይበልጣል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ከ300 በላይ። ይህ ከአንድ ሄክታር ብቻ ነው። በእርግጥ የሰረገው ሁሉ ምንጭ ጋ አይደርስም፤ ከፊሉን ዕፅዋት ይጠጡታል፣ ከፊሉም በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል።

አፈር ክፉኛ የሚጠቀጠቀው እርጥብ ሳለ ነው። ስለዚህ ጥር 13 ምንጩ አጠገብ ባለው ቤተ ክርስቲያን ለአቡነ ዘርዓ ብሩክ ክብረ በዓል የሚሰበሰበው ሕዝብ በደረቀ መሬት ላይ ስለሚቆም፣ ብዛቱን ያህል ጉዳት አያደርስም። የሚያሳስበው አገሩ አረንጓዴ ነው እየተባለ እንግዳ የሚጋበዝበት መስከረም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ረግረጉ ላይ የሚውለው ከብት ነው። ጎብኚን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ውሃ ይጨርሳል የሚባለው ባሕር ዛፍስ? እዚህ ላይ በውሃ ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች እርስ በርሳችን አንስማማም። በደቡብ አፍሪካ ሞኮቡላን በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1969 አንድ ሙሉ ተፋሰስ በባሕር ዛፍ ተሸፈነ፤ ዘጠኝ ዓመት ሳይሻገር ጅረቱ ደረቀ፤ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላም ውሃው ዓመቱን ሙሉ መፍሰስ እስኪጀምር አምስት ዓመት ያህል ፈጀ። ማስረጃው ጠንካራ ነው። ነገር ግን ያ ቦታ ከሰከላ ያነሰ ዝናብ ያገኛል፣ የተተከለውም ተፋሰሱ በሙሉ ነው፤ የጎጃም ገበሬ ደግሞ በቁርጥራጭ ማሳ ላይ ይተክላል። የዛፉ ዕድሜ፣ የሥሩ ጥልቀት፣ ከሥር ያለው ድንጋይ ሁሉ ውጤቱን ይለውጣሉ። ከባሕር ዛፍ ማዳበሪያ የሚገዛን፣ ልጅ የሚያስተምርን ገበሬ «ንቀል» ብሎ መሄድም ኃላፊነት የጎደለው ነው። እኔ የምለው ከምንጩ በላይ ባለው ቁልቁለት አዲስ አይተከል፣ ለሚቀርበትም ገበሬ ከእንግዳው ክፍያ ይካስ ነው።

የእንግዳው ገንዘብ መጀመሪያ መዋል ያለበትም እዚያው ነው፦ ቁልቁለቱን ከከብት ለመከለል፣ በረግረጉ ላይ አንድ የድንጋይ መንገድ ለማንጠፍ፣ መጸዳጃ ቤቱን ከምንጩ በታች ለመሥራት። የተሰነጠቀ ባዛልት ቆሻሻን እንደ አፈር አያጣራም፤ ከላይ የተቆፈረ ጉድጓድ የያዘው ጸበሉ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ጎብኚ ተመናምኗል። ይህ ሁሉ መሠራት ያለበት ብዙ እንግዳ ከመመለሱ በፊት ነው።

ምንጩ እየቀነሰ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች ራሳቸው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከመውረጃው ሥር ይዘው፣ በስንት ሴኮንድ እንደሞላ በኅዳር፣ በጥርና በሚያዝያ፣ በየዓመቱ በአንድ ቦታ ይመዝግቡ። ከሦስቱም ይበልጥ የሚነግረን የሚያዝያው ነው፤ ያን ጊዜ የክረምቱ ጎርፍ ሄዷል፣ የሚወርደው ኮረብታው ያስቀረው ብቻ ነው።