ዝም ያለው ስካነርና 7.3 ሊትሩ ፎርድ

ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አልነሳም ያለበት የድሮ ፎርድ ናፍጣ ላይ ስካነር ሲሰካ፣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የብልሽት ኮድ ሳይሆን «ከመኪናው ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል አንድ መስመር ነው። ብዙ ባለንብረት፣ አንዳንዴም መካኒክ፣ ይህን ሲያነብ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ይደመድማል። ያገለገለ ኮምፒውተር ተፈልጎ ይገዛል፣ ይገጠማል፤ ስካነሩም ያንኑ መስመር መልሶ ያወጣል። ያ መስመር ግን ስለ ሞተሩ ገና ምንም አልተናገረም። የሚናገረው በስካነሩና በኮምፒውተሩ መካከል ስላለው መንገድ ብቻ ነው፤ መንገዱን ደግሞ አንድ ቴስተርና ጥቂት ትዕግሥት ያለው ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊፈትሸው ይችላል።

መኪናውን እናስተዋውቅ። ፓወር ስትሮክ የሚባለውን 7.3 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የሠራው የኢንተርናሽናል መኪኖች አምራች ናቪስታር ነው። ፎርድ ከ1994 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ በኤፍ 250፣ በኤፍ 350፣ በኢኮኖላይን ቫኖችና በኋላም በኤክስከርሽን ላይ ገጥሞታል። ሞተሩ ጠንካራ በመሆኑ ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ተጎታች የሚጎትት፣ ዕቃ የሚያመላልስ ብዙ አለ፤ በጭነት ሥራ ከተሰማሩት ወገኖቻችን መካከልም ያገለገለውን ፈልጎ የሚገዛ አይጠፋም።

አገር ቤት በኤንትሬ ወይም በድሮ ኢሱዙ ላይ እጁን ያፍታታ መካኒክ ይህን ሞተር ሲከፍት ግር ይለዋል። የለመደው ሞተር አልነሳ ሲል የኢንጀክተሩን ቱቦ ላላ አድርጎ፣ ሞተሪኖውን አስመትቶ፣ ናፍጣው ሲረጭ በዓይኑ ማየት ነው። እዚህ ከውጭ የሚላላ የኢንጀክተር ቱቦ የለም። ኢንጀክተሮቹ ከቫልቭ ክዳኑ ሥር ተቀብረዋል፣ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨውም ከፍተኛ ግፊት ያለው የሞተር ዘይት ነው። ዘይቱ እስከ 3,000 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት ሊደርስ ይችላል፤ ኢንጀክተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ደግሞ ይህን ግፊት 7 እጥፍ አሳድጎ ናፍጣው ላይ ያሳርፈዋል። መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ሞተሩ እንዲነሳ ዘይቱ ቢያንስ 500 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ግፊት ማግኘት አለበት፤ ያ ቁጥር ደግሞ በዓይንም በጆሮም አይታወቅም። ለዚህ ነው በዚህ መኪና ላይ ስካነር የቅንጦት ዕቃ ያልሆነው። ስካነሩ ዝም ካለ የቀረው ግምት ብቻ ነው፣ ግምት ደግሞ ደህና የነበሩ ዕቃዎችን በየተራ ያስለውጣል።

ስካነሩ የሚሰካው ከመሪው በታች ባለው 16 ቀዳዳ ሶኬት ነው። ከ16ቱ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉን ጥቂቶቹ ናቸው። ቀዳዳ 16 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው ፖዘቲቭ ነው፤ ቁልፍ ባይከፈትም እሳት ይኖረዋል። 4 እና 5 ማሳ ናቸው፣ አንዱ የመኪናው አካል፣ ሌላው የሲግናሉ። 2 እና 10 ስካነሩና የሞተሩ ኮምፒውተር የሚነጋገሩባቸው ሽቦዎች ናቸው።

መጀመሪያ የሚታየው የስካነሩ የራሱ መብራት ነው። ከመኪናው ሶኬት ኃይል የሚወስድ ስካነር ሲሰካ ካልበራ ስለ ኮምፒውተር ማሰብ ገና ነው። በእነዚህ ፎርዶች ላይ ሶኬቱ እሳት የሚያገኘው ከሲጋራ መለኮሻው ጋር በሚጋራው ፊውዝ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ሊደክም ይችላል። መለኮሻው ውስጥ ሳንቲም ይወድቃል፣ ወይም ርካሽ የስልክ ቻርጀር ውስጡ ይገናኛል፣ ፊውዙ ይበጠሳል። መኪናው እንደ ወትሮው ስለሚሄድ ባለቤቱ አያስተውልም፤ ከወራት በኋላ በሌላ ምክንያት ስካነር ሲሰካ ግን ዝምታው ይጋለጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የስልክ ቻርጀሩን መለኮሻው ላይ ሰክቶ ማየት ነው። ካልሠራ በመኪናው መመሪያ ላይ የመለኮሻውን ፊውዝ ቁጥር ፈልጎ፣ ነቅሎ፣ በቴስተር መለካት። በዓይን ብቻ ደህና የሚመስል የተበጠሰ ፊውዝ ብዙ ነው።

ፊውዙ ደህና ከሆነ የቴስተሩን ቀይ በ16፣ ጥቁሩን በ4 ላይ አድርጎ የባትሪው ሙሉ ቮልት መድረሱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ጥቁሩን ወደ 5 ማዛወር ይከተላል። በ4 ቮልት እያለ በ5 ከሌለ ብልሽቱ ማሳው ላይ ነው። የቴስተሩን ወፍራም ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ገፍቶ ማስገባት ግን አይገባም። ውስጥ ያለችው ቀጭን ሉክ ትከፈትና የስካነሩን ፒን መያዝ ትተዋለች፤ ከዚያ በፊት ያልነበረ ብልሽት ተፈጠረ ማለት ነው። ብዙ እጅ ያለፈበት መኪና ላይ ስካነሩ ሲነካ የሚበራ፣ ሲለቀቅ የሚጠፋው በዚህ የተነሳ ነው። ቀጭን መርፌ ወይም ለዚሁ የተሠራ ፒን መጠቀም ይሻላል።

ስካነሩ በርቶ ካልተገናኘስ? አሁን የሞተሩ ኮምፒውተር በሕይወት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህም ስካነር አያስፈልግም፣ መልሱ ዳሽቦርዱ ላይ አለ። ቁልፉ ሲከፈት ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቅ የሚለውን ቢጫ መብራት የሚያበራው ይኸው ኮምፒውተር ነው። አምፖሉ ደህና ሆኖ መብራቱ ጨርሶ ካልበራ ኮምፒውተሩ እሳት አላገኘም ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ያኔ ወደ ኮምፒውተሩ ፊውዝና ሪሌ መሄድ ነው። በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ አንድ ተጠርጣሪ አለ፤ በሞተሩ አናት ባለው የናፍጣ ማጣሪያ ቤት ውስጥ የተቀመጠው የናፍጣ ማሞቂያ። በተለይ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ማሞቂያውና ኮምፒውተሩ አንድ ፊውዝ ይጋራሉ፣ ማሞቂያው ሲገናኝም ኮምፒውተሩን ይዞት ይጠፋል። አዲስ ፊውዝ ወዲያው ከተበጠሰ የማሞቂያውን ሶኬት ነቅሎ እንደገና መሞከር ነው። ብርድ በማይጠናበት ቦታ መኪናው ያለ ማሞቂያው ይሠራል።

ሌላው የመኪናው የቀድሞ ባለቤት የተወው ቅርስ ነው። ለእነዚህ ሞተሮች ጉልበት ይጨምራል ተብሎ የሚሸጥ ቺፕ ነበር፤ የሚሰካው ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ ነው። በዚያ ቦታ ያሉት መነካኪያዎች ከቆሸሹ ወይም ቺፑ ራሱ ከተበላሸ ሞተሩ በመንገድ ላይ ይጠፋል፣ ስካነሩም ኮምፒውተሩን አያገኘውም። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ቺፕ መኖሩን ላያውቅ ስለሚችል ኮምፒውተሩን ጎንበስ ብሎ ማየት አለበት። ቺፕ ከተገኘ፣ ቁልፍ ዘግቶ፣ ባትሪ ፈትቶ፣ ቺፑን አውጥቶ፣ መነካኪያዎቹን አጽድቶ ያለ ቺፑ መሞከር። ባትሪው ሳይፈታ ቺፕ መንቀል ኮምፒውተሩን በእርግጥ ሊያቃጥለው ይችላል።

እስካሁን የነበረው የእሳት ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው ግን በሚቀጥለው ላይ ነው። በ16 ቀዳዳ ሶኬት መኪኖች ሁሉ በአንድ ቋንቋ አይነጋገሩም። አሜሪካ ውስጥ ከ2008 ሞዴል ወዲህ ያሉ ቀላል መኪኖች በሙሉ ካን በሚባለው ዘዴ፣ በቀዳዳ 6 እና 14 ይነጋገራሉ። የ7.3ቱ ፎርድ ግን የሚናገረው ጄ1850 ፒ.ደብሊው.ኤም. የሚባለውን የድሮውን የፎርድ ቋንቋ ነው፤ ሽቦዎቹም 2 እና 10 ናቸው። በስልክ የሚሠሩት ርካሽ የብሉቱዝ ስካነሮች አብዛኞቹ ኢ.ኤል.ኤም. 327 የሚባለው የካናዳ ቺፕ ቅጂዎች ናቸው። ዋናው ቺፕ ጄ1850ን ያውቃል። ከቅጂዎቹ ብዙዎቹ ግን ለዚህ ቋንቋ የሚያስፈልጉት ጥቃቅን ዕቃዎች አልተሸጡባቸውም፤ በማሸጊያው ላይ ሁሉንም መኪና ያነባል ተብሎ ቢጻፍም።

ስለዚህ «ስካነሩን በሌላ መኪና ሞክሬው ሠርቷል» የሚለው ማስረጃ ከየትኛው መኪና እንደመጣ መጠየቅ አለበት። በ2012 ቶዮታ ላይ የሠራ ስካነር ካንን መቻሉን እንጂ ጄ1850ን መቻሉን አላሳየም። ትክክለኛው መፈተኛ የዚያው ዘመን ፎርድ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ ይነዱባት የነበረችው ክራውን ቪክቶሪያ፣ የ2000 አካባቢዋ፣ ለዚህ ትሆናለች። እሷንም ካላነበበ ችግሩ የስካነሩ ነው።

የሕግ ጉዳይም አለበት። አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ያስገደደችው የምርመራ ደንብ መጀመሪያ የሚመለከተው ሙሉ ክብደታቸው ከ8,500 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3,850 ኪሎ ገደማ፣ ያልበለጡ መኪኖችን ነበር። ኤፍ 250ና 350 ሱፐር ዲዩቲ ከዚህ ያልፋሉ። ሶኬቱ ተገጥሞላቸዋል፣ ነገር ግን ሁሉም እንደ ትንሽ መኪና ለማንኛውም አጠቃላይ ስካነር መልስ እንዲሰጡ አልተገደዱም። የፎርድን የራሱን ጥያቄዎች የሚያውቅ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ፎርስካን የሚባለውን ፕሮግራም ጄ1850ን በእርግጥ ከሚችል አገናኝ ጋር መያዝ ግድ ይላል። የዘይቱን ግፊት የሚያሳየውም እንዲህ ያለው ነው፤ አጠቃላዩ ስካነር ቢገናኝ እንኳ ይህን ቁጥር አያወጣውም። በነገራችን ላይ ይኸው ሞተር ቲ444ኢ በሚል ስም በኢንተርናሽናል የጭነት መኪኖችና በተማሪ አውቶቡሶች ላይም አለ። እዚያ ሶኬቱም ቋንቋውም የከባድ መኪና ነው፤ የፎርዱ ስካነር አይሰካበትም።

ፊውዙ ደህና፣ ቢጫው መብራት የሚበራ፣ ስካነሩም ትክክለኛው ሆኖ ዝምታው ከቀጠለ ሽቦዎቹን መለካት ይቀራል። በየጋራዡ «በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 60 ኦም መገኘት አለበት» ሲባል ይሰማል። ልኩ እውነት ነው፣ ግን የካን ልክ ነው። እዚህ ላይ 60 ኦም የሚፈልግ ሰው ደህናውን መስመር ተበላሽቷል ብሎ ሽቦ ሊቆርጥ ይችላል። በዚህ መኪና ላይ ቁልፍ ተከፍቶ፣ ማንም በማይነጋገርበት ጊዜ፣ ቀዳዳ 2 ወደ 0 ቮልት፣ ቀዳዳ 10 ወደ 5 ቮልት ይጠጋል። ከሁለቱ አንዱ 12 ቮልት ካሳየ ከእሳት ሽቦ ጋር ተነካክቷል፤ 10 ወደ ዜሮ ከወረደ ምናልባት ከማሳ ጋር ተገናኝቷል። በኋላ የተገጠመ ቴፕ፣ የስርቆት መከላከያ ወይም የተጎታች ፍሬን መቆጣጠሪያ ካለ፣ ሽቦው የተቀጠለበትን ቦታ ቀድሞ ማየት ጊዜ ይቆጥባል።

ግንኙነቱ ሲገኝ ስካነሩ ዋጋውን ይመልሳል። ሞተሪኖው እየተመታ አራት ነገር ይታያል፦ የባትሪው ቮልት፣ የሞተሩ ዙር፣ የዘይቱ ግፊት፣ ለኢንጀክተሮቹ የሚሄደው ትእዛዝ። ቮልቱ ከ10 በታች ከወረደ መጀመሪያ ሁለቱን ባትሪዎች መሙላት ወይም መለወጥ። ሞተሪኖው እየዞረ ዙሩ 0 ከሆነ የካምሻፍቱን ቦታ የሚያነበው ሴንሰር ይጠረጠራል፤ በዚህ ሞተር ላይ ስመ ጥር ደካማ ዕቃ ነው፣ ለመቀየርም ቀላል። ዙሩ ኖሮ ግፊቱ 500 ካልደረሰ ከሁሉ በፊት የሞተሩ ዘይት መጠን ይታይ፣ ከዚያ ግፊቱን የሚቆጣጠረው ቫልቭ።

ኮምፒውተሩ የሚለወጠው እሳቱ፣ ማሳው፣ ሽቦውና ስካነሩ ሁሉ ተረጋግጦ መልስ ሲጠፋ ነው። ያኔም በላዩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ያለው ኮድ ከሚገዛው ጋር መመሳሰሉን ማየት ያስፈልጋል፤ ለሌላ ዓመት ወይም ለሌላ ማርሽ የተሠራ ኮምፒውተር ሶኬቱ ላይ ልክ ይገባል፣ ሞተሩን ግን በትክክል አያስተዳድረውም።