የአሶሳ ሽመል

አሶሳ ውስጥ ችግኝ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ማንጎን ነው። ማንጎ ጓሮን ያለማል፤ የተራቆተውን የወል መሬት ግን በቶሎ የሚመልሰው ሽመል፣ ማለትም የቆላ ቀርከሃ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰፊው የሽመል ደን ያለውም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው።

ሽመል ትልቅ ዛፍ ይምሰል እንጂ ወገኑ ከሣር ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን የሽመል ግንድ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው፤ ለቤት፣ ለአጥርና ለአልጋ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። በርታዎችና ጉሙዞች ክረምት ላይ ከመሬት ብቅ የሚለውን ለጋ ቡቃያ ቀቅለው ይበሉታል። ቡቃያው ሙሉ ቁመቱን የሚጨርሰው በአንድ ክረምት ነው፤ ለግንባታ እስኪጠነክር ግን ሦስት ዓመት ያህል መታገስ ያስፈልጋል። ጥቅጥቅ ያለው ሥሩ በዳገት ላይ አፈር ስለሚይዝ፣ በዳቡስ በኩል ወደ ዓባይ የሚወርደው ደለል ይቀንሳል። ከታች ጉባ ላይ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ እንዳለ ልብ ይሏል።

ሽመል ብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆይቶ በጅምላ ያብብና ዘሩን አራግፎ ይሞታል። በ2000 ዓ.ም. ግድም በአሶሳ ዙሪያ የሆነው ይህ ነው። ከወደቀው ዘር አዲስ ደን መነሣት ይችላል፤ ዳሩ ግን የደረቀው አገዳ ለእሳት ማገዶ ይሆናል፣ ለጋውን ችግኝ ከብት ይግጠዋል፣ ባዶ የመሰለው መሬትም ይታረሳል። ደኑ የሚጠፋው በማበቡ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ጠባቂ በማጣቱ ነው።

ዘሩ በየዓመቱ ስለማይገኝ፣ ሌላው የማራቢያ መንገድ ከእናት ተክሉ ላይ ግንድን ከነሥሩ ገንጥሎ፣ ላዩን ቆርጦ፣ ዝናቡ እንደገባ መትከል ነው። ሥራው አድካሚ ነው፤ ጉልበት ያለው ወጣት በደቦ ቢወጣ ግን ይቀልላል።

አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ለተከላ መውጣት ተለምዷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ክልል ግን የችግኙ ዕጣ የሚወሰነው ሐምሌ ላይ ሳይሆን በበጋ፣ ሣሩ ደርቆ ለእርሻ ምንጣሮና ለአደን እሳት ሲለኮስ ነው። ስለዚህ የአሶሳና የአካባቢዋ ነዋሪዎች ሆይ፣ ክረምት ላይ ሽመል ትከሉ፤ ኅዳር ሳይወጣም በተከላችሁት ዙሪያ ሣሩን አጭዳችሁ እሳት የማያልፈው መስመር ክፈቱ።