ጉልበትዎ የእግር ጣትዎን ይከተል



ወደ መድኃኒት ቤት ለጉልበት ሕመም ማስታገሻ ፈልገው የሚመጡ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ሕመሙን ለጊዜው ያበርዳሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ ዛሬ ክኒኑን ትተን ስለ አቋቋምና አረማመድ እንነጋገር። ትምህርቱን የምንወስደው ከቻይና ነው።

ቻይናውያን «የውስጥ» የሚሏቸው የማርሻል አርት ዓይነቶች ከክንድ ኃይል ይልቅ የመላ ሰውነትን ቅንጅት ያስቀድማሉ። ታዋቂው ታይ ቺ ነው። ሌላው ዢንዪ ሊዩሄ ደግሞ በሄናን ክፍለ ሀገር በሁዪ ሙስሊሞች ዘንድ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ነው። «ሊዩሄ» ስድስት ስምምነቶች ማለት ነው። በዓይን የሚታዩት ሦስቱ ትከሻ ከዳሌ፣ ክርን ከጉልበት፣ እጅ ከእግር ጋር መግጠማቸው ነው።

ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ብዙም አይዞርም። ሲታጠፍ ከእግር ጣቶች ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከት አለበት። ወደ ውስጥ ከዘመመ ጅማቱና ልምጩ ያለ አግባብ ይጫናሉ። ውኃ የሞላ ጀሪካን አንስተው እግርዎ መሬት ላይ እንደተተከለ ወገብዎን ቢያዞሩ፣ ጠመዝማዛውን የሚሸከመው ጉልበትዎ ነው። እግርዎን አንስተው፣ ከዳሌዎ ጀምረው ይዙሩ።

አረማመዱም የራሱ ሥርዓት አለው። የታይ ቺ ተማሪ ክብደቱን በሙሉ በአንድ እግሩ ላይ ካሳረፈ በኋላ ሌላውን ያነሳል። ያነሳውን እግር ተረከዙን አስቀድሞ ቀስ ብሎ ያሳርፍና መቆሙን ሲያረጋግጥ ክብደቱን ያሻግራል። እኛ ግን ወደፊት እንወድቅና እግራችን ይደርስልናል። ለወጣት ችግር የለውም፤ እግራቸው ቶሎ ለማይደርስላቸው አያት ግን የዳሌ አጥንት ስብራት ሊያስከትል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ለመውደቅ የተጋለጡ 670 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ታይ ቺ የሠሩት፣ ሰውነት ማፍታቻ ብቻ ከሠሩት ይልቅ የመውደቃቸው መጠን በ58 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ለመጀመር ከግድግዳ አጠገብ፣ አንድ እጅ አስደግፎ፣ በቀን ጥቂት እርምጃ ይበቃል። በፊልም እንደሚታየው ዝቅ ብሎ መቆም አያስፈልግም። ጉልበቱ ያበጠ ወይም የሚያተኩስ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው።