የትእዛዝን ውጤት ወደ ፋይል ስለ መምራት

በዩኒክስና በሊኑክስ የትእዛዝ መስመር ላይ አንድ ፕሮግራም የሚያወጣው ጽሑፍ፥ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፥ በስክሪን ይታያል። ከትእዛዙ ቀጥሎ «>» የተባለው ምልክትና የፋይል ስም ሲጻፍ ግን ጽሑፉ ወደዚያ ፋይል ይገባል። ይህ ዘዴ በ1971 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ በተዘጋጀው በመጀመሪያው የዩኒክስ መምሪያ ውስጥ ይገኛል።

ብዙ ተማሪዎች ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራሙ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የሚከፍተው ሼል ነው፤ ያውም ፕሮግራሙን ከማስነሣቱ አስቀድሞ፤ በፋይሉ የነበረውንም ጽሑፍ ያን ጊዜውኑ ያጠፋዋል። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፉን መረጃ በ«ሶርት» ትእዛዝ በፊደል ተራ አሰልፎ ውጤቱን ወደዚያው ፋይል ልመልስ የሚል ሰው፥ «ሶርት» ሊያነብ ሲነሣ ፋይሉ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። የወራት ድካም በአንድ መስመር ይጠፋል፤ የስሕተት መልእክት እንኳ አይወጣም። መድኃኒቱ ውጤቱን በሌላ ስም አስቀምጦ፥ ትክክለኛነቱን ከመረመሩ በኋላ ስሙን መለወጥ ነው። «ኖክሎበር» የተባለውን የሼል ደንብ ማቆምም ይረዳል፤ አስቀድሞ ያለ ፋይል በ«>» እንዳይደመሰስ ይከለክላልና። «>>» ግን የነበረውን ሳይነካ ከመጨረሻው ላይ ይጨምራል።

የስሕተት መልእክት የሚወጣው በሌላ መንገድ፥ ይኸውም በቁጥር 2 ስለሆነ፥ ተራው «>» አይወስደውም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ውጤትና ስሕተት ባይደባለቁ ይሻላል። ሁለቱንም ባንድነት የሚፈልግ «2>&1» ብሎ ከፋይሉ ስም በኋላ ይጻፍ። ከ«>» አስቀድሞ የጻፈው እንደ ሆነ፥ ቁጥር 1 ያን ጊዜ ገና ወደ ስክሪኑ የሚሄድ ስለሆነ፥ ስሕተቱም እዚያው ይቀራል።