ስለ ታጠሩ አንበሶች

አዳም በአራዊት ላይ በተሾመ ጊዜ የተቀበለው ሥልጣን ከአደራ ጋራ ነበር፤ አራዊትን በአጥር ውስጥ የሚያኖር ሰውም ይህን አደራ መዘንጋት አይገባውም።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1940 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የአንበሶች ግቢ ሲቋቋም፥ መዠመሪያ የገቡት 5 ወንድና 2 ሴት አንበሶች እንደ ነበሩ ይነገራል። ከነዚህም ብዙ ትውልድ ተገኘ፤ አጥሩ ግን ከትውልዱ ጋራ አልሰፋም። በ1999 ዓ.ም. ስፍራውና ገንዘቡ ስላልበቃ ደቦሎቹ በመርዝ ይገደሉ እንደ ነበር በዓለም ጋዜጦች ተነገረ። የድኻ ግቢ ችግር የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የሚወለደው ደቦል ወዴት እንደሚያድር፥ ሥጋውም ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማሰብ ይገባ ነበር። ስፍራ እስኪገኝ ድረስ ወንዱን ከሴቲቱ ለይቶ ማኖር ደቦልን ከመግደል ይሻላልና።

በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ሊቃውንት የ15 አንበሶችን ዘር መርምረው፥ ካነጻጸሯቸው ከምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ አንበሶች የተለየ ሆኖ እንዳገኙት ገለጡ። ከዚያ ወዲያ ዘሩ እንዳይጠፋ መጠበቅ አለበት የሚለው አሳብ በረታ። መልካም አሳብ ነው፤ ዳሩ ግን ለዘሩ ብርቅነት ብቻ የሚደረግ ርኅራኄ እጅግ የዘገየ ነው። ብርቅነቱ ሳይታወቅ የሞተው ደቦልም ረኃቡና ሕመሙ እንደዚሁ ይሰማው ነበር።