ተጨማሪ መረጃ፦ ኢንክሌቭ ውስጥ ስህተት ሲፈጠር
የኢንቴል ኤስጂኤክስ ኢንክሌቭ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ የሚጠበቅ የፕሮግራም ክፍል፣ የስርዓተ ክወናውን ከርነል እንኳ አያምንም። ታዲያ ውስጡ ያለው ኮድ ቁጥር በዜሮ ቢያካፍል ማን ያስተናግደዋል? ፕሮሰሰሩ የሬጅስተሮቹን ይዘት እዚያው ኢንክሌቩ ውስጥ ያስቀምጥና ሬጅስተሮቹን በሰው ሠራሽ እሴት ተክቶ ይወጣል፤ ከርነሉ የሚያየው ይህንኑ ነው። የገጽ ስህተት ሲሆን ደግሞ የአድራሻው የታችኞቹ 12 ቢቶች ዜሮ ሆነው ይደርሱታል። የትኛው ገጽ እንደተነካ ግን አይደበቅም፤ በ2015 ተመራማሪዎች ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል ያሳዩት በዚችው ቀዳዳ ነው።

ከማስታወሻ የወጣ ገጽ ከሆነ ከርነሉ መልሶ ይጭነዋል። ሌላውን ስህተት ለፕሮግራሙ በሲግናል ማሳወቅ ግን ጣጣ አለው፦ ለአንድ ሲግናል በመላው ፕሮግራሙ ያለው ተቀባይ አንድ ብቻ ስለሆነ ላይብረሪዎች ይሻሙበታል። በ2021 የወጣው ሊኑክስ 5.11 የመረጠው መንገድ የተሻለ ይመስላል፤ በቪዲኤስኦ (ከርነሉ ለየፕሮግራሙ በሚያቀርበው ኮድ) ፈንክሽን በኩል ስህተቱን በቀጥታ ኢንክሌቩን ለጠራው ኮድ ይመልሳል።