የወንደላጤው ጓዳና የቅመም ነገር

ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ በኪራይ ክፍል የሚኖር ተማሪ ወይም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የማይለየው አንድ ዕቃ አለ፤ ይኸውም እናቱ አሽገው የላኩለት የበርበሬ ጣሳ ነው። ጣሳው እስኪያልቅ ድረስ በክፍሉ ውስጥ ቤት ቤት የሚል ሽታ ይኖራል። ሲያልቅ ከሱቅ ይገዛል፤ ሠርቶም ሲቀምሰው «ይህ የእናቴ ወጥ አይደለም» ይላል። ከዚያም መዓዛውን አመጣለሁ ብሎ ቅመሙን እጥፍ ያደርገዋል። ወጡ ይመራል እንጂ አይሸትም። ጓዳ የሴት ነው የሚለው አባባል ለዚህ ሰው አይሠራም፤ ጓዳውም ሳሎኑም አንድ ክፍል ነውና።

ጉዳዩ የመጠን ብቻ ሳይሆን ይልቁንም የጊዜ ነው እንላለን። ቅመም ሽታውን የያዘው በቀላሉ በሚተን ዘይት ነው። ፍሬው ሳይሰበር ሲቀመጥ ዘይቱ እንደ ታሸገ ይቆያል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ቀን በቀን ይበናል፤ እሳት ሲያገኘውማ በጥቂት ደቂቃ ክፍሉን ሞልቶ ይሄዳል። ጎረቤትን «ዛሬ ምን ተሠራ?» የሚያሰኘው ሽታ፣ እንግዲህ፣ ከድስቱ የሸሸ ሽታ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

ባለሙያ ሴቶቻችን ይህን በኬሚስትሪ መጽሐፍ ሳይሆን በአፍንጫቸው ያውቁታል። ስለዚህም ቅመሙን በአንድ ጊዜ አያፈሱትም፤ አንዱ ከበርበሬው ጋር፣ ሌላው ከቅቤው ጋር ይገባል፤ የቀረው ወጡ ሊወጣ ሲል ይነሰነሳል። የመጨረሻው መከለሻ ይባላል። ወንደላጤው የሚረሳውም ይህንኑ ነው።

ለመከለሻ ሁለት እጅ ኮረሪማ፣ አንድ እጅ ጥምዝ፣ አንድ እጅ ቁንዶ በርበሬና ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ይበቃል፤ ቅርንፉድ ጉልበተኛ ስለ ሆነ ከዚህ አይለፍ። በለስላሳ እሳት አመስ አድርጎ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ መውቀጥ ነው። ለአራት ሰው ወጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይጨመርና ድስቱ ይከደናል፤ ወዲያውም ከእሳት ይወርዳል። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ መግዛት ይሻላል። የቡና ሙቀጫ ለዚህ ይበቃል፤ ቡናው ኮረሪማ ኮረሪማ ቢልም ጉዳት የለው፤ ሆን ብሎ የሚጨምርበት ስንት አለ!

በነገራችን ላይ፣ የአገራችን ወጥ ምልክት ነው የምንለው ቀዩ በርበሬ እንግዳ ነው፤ ተክሉ ከአሜሪካ ምድር የወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1492 በኋላ ነው። ኮረሪማ ግን የቤት ልጅ ነው። በካፋና በሸካ ደኖች በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ጥምዝም በዚያው ደን ይበቅላል።

አሁን ወደ ቅቤው እንምጣ። ለአንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ግማሽ ማንኪያ አብሽና ጥቂት እርድ እንበል። ቅቤ በውስጡ ውሃ አለው። ውሃው እስኪያልቅ ድረስ የድስቱ ሙቀት ከውሃ መፍያ ብዙም አያልፍም፤ ይህም በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ቅቤው እየተንተከተከ ሳለ ቅመሙ አያርም። መንተክተኩ ጋብ ብሎ ቅቤው እንደ መስተዋት ሲጠራ ግን ውሃው አልቋል፤ ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ በፍጥነት ይወጣል፤ አብሹ ከስሎ ቅቤውን ያመረዋል። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይሠራል፤ ድምፁ ሲቀንስ ማውረድ ነው። በጉራጌ አገር በየጓሮው የሚተከለውን ኮሰረትና በሶብላውን፣ ቅጠል ናቸውና፣ ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው እንጨምራቸው ባይ ነን። ከዚያም አስፍሎ ማጥለል ነው።

ነጭ አዝሙድ ያጣ ሰው ጥቂት ጦስኝ ቢጨምር አያፍርም፤ ቲሞል የሚባለው ሽታ ሰጪ ነገር በሁለቱም ውስጥ አለና። ጥቁር አዝሙድ ግን በስም እንጂ በዘር የነጩ ዘመድ ስላልሆነ አይተካውም።

የቀረው ችግር የመስፈሪያው ነው። እናቶቻችን የሚሰፍሩት በዓይንና በእፍኝ ነው፤ «እማዬ፣ ስንት ማንኪያ ነው?» ቢሏቸው «እንደሚበቃው» ይላሉ። ያ እፍኝ በየትም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከእጃቸው ጋር የሚሄድ ነው። ለመስቀል ወይም ለፋሲካ አገር ቤት የሚወርድ ወጣት እንግዲህ ደብተርና የሻይ ማንኪያ ይያዝ፤ እናቱ ቅመሙን ወደ ድስቱ ከመጣላቸው በፊት በሰሐን ተቀብሎ በማንኪያ ይስፈረው። መጀመሪያ ይስቁበታል፤ ሥራ አስፈታኸኝ ብለውም ይቆጡ ይሆናል። ጥቂት ቆይተው ግን ራሳቸው «በል ጻፍ፣ ይህንንም ጻፍ» ማለት ይጀምራሉ።